በጎን የተሳለችው ኣስካለ

ኣስካለ ጋራዡ እንደገባች የመጀመሪያ ሥራዋ የቀለሙን ጣሳ በእግሯ መገልበጥ ነበር። ቡናማው ቀለም አቧራው ላይ ተዘረገፈ። ጋረደው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ የአንድ ጭነት መኪና በር ላይ የባለቤቱን ስም እየጻፈ ነበር፤ ብሩሹን አየር ላይ እንደያዘ ቀና ብሎ አያት።

«ይሁዳ ነኝ?» አለችው። «ንገረኝ! ማንን ሸጥኩ?»

በሌላው ቀን «አያ ጋረደው፣ እንዴት አደሩ?» ብላ ጎንበስ የምትል ሴት ናት። ዛሬ አንቱታውም ሰላምታውም የለም።

«ኣስካለ፣ እስቲ ረጋ በይና...»

«አልረጋም! ዋይ ኣነ! አንዷን ዓይን ሰሊጥ ወሰዳት። በቀረችው እንዳልኖር አንተ ይዘኸኝ ሄደህ ከአጋንንት ጋር ሰቀልከኝ!»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባው። ብሩሹን አስቀምጦ ተነሣ።

የጋረደው አባት በጎንደር በኩል የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። እሱ ግን ገና ብሩሽ ማጠብ እንደጀመረ የሰባ ሰባቱ ረሃብ መጣና፣ አባቱን መንገድ ላይ ቀብሮ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገባ። ሥዕልን የተማረው እዚሁ ነው፤ ከመኪና በር፣ ከሻይ ቤት ሰሌዳ፣ ከሱቅ ግድግዳ ላይ። የሰው ፊት መሳልን ደግሞ ማንም አላስተማረውም። ሰውየውን ወንበር ላይ ያስቀምጥና ያናግረዋል። ቀኑን ሙሉም ቢሆን፣ ሦስት ቀንም ቢሆን ይሰማል። ሰው ሲያወራ ፊቱ መሸሸጉን ይረሳል፤ ጋረደው የሚስለው ያን የተረሳውን ፊት ነው። ሽብሽቡን አያቃናም፣ የወለቀ ጥርስ አይተክልም። ማዲያቱን ሳይቀር እንዳለ ያስቀምጠዋል። የተሳለው ሰው ሥዕሉን የሚያየው ግን ካለቀ በኋላ ነው፤ ይህ ልማዱ ነው።

የገዳሪፍ ሐበሾች እድር አርባ ዓመት የሞላው ጊዜ ታዲያ፣ በክፉ ቀን ለሰው የቆሙ አሥራ ሁለት አባላት ተመርጠው መልካቸው አዳራሹ ውስጥ እንዲሰቀል ተወሰነ። ጋረደው በመኪና ሸራ ላይ ሳላቸው። አሥራ ሁለተኛዋ ኣስካለ ነበረች፤ ከቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ወጥታ ገበያው ዳር ሻይ የምትሸጠው ኣስካለ።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት ነው፤ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ይሁዳና አጋንንት፣ ጌታን የገረፉት ሁሉ በጎን ናቸው፤ ባለ አንድ ዓይን። ይህን ከእናቱ ጀርባ ሆኖ ቅዳሴ የሰማ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ጋረደውም ፊደል ሳይለይ ነው ያወቀው። ግን ኣስካለ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ከፊቷ ስታነሣ፣ ያችን ነጭ ሆና የጎደጎደች ግራ ዓይኗን ሲያይ እጁ ፈራ። «እስቲ ትንሽ ወደዚያ ዞር በይ፤ ብርሃኑ ከዚያ ይሻላል» አላት። ብርሃኑ ከየትም ያው ነበር። እሱ ክብሯን የጠበቀ መስሎት ነው። ፎቶ ቤት ያሉት እንደሚያደርጉት መልካሙን ጎኗን ስሎ፣ ደስ ብሎት፣ አሥራ አንድ ሰው ፊት ለፊት በሚያይበት ግድግዳ ላይ እሷን ብቻዋን በጎን ሰቀላት።

«የሚሉኝን ታውቃለህ» አለች ኣስካለ፤ ድምፅዋ አሁን ዝቅ ብሏል፤ ዝቅ ማለቱ ይብስ ነበር። «የዘጠኙን ልጆች ነገር።»

ዘጠኙ ልጆች አምና በከሻ የተወሰዱት ናቸው። ከሻ ወረቀት የሌለው ሰው የሚታፈስበት ነው። ከዚሁ ሰፈር ዘጠኝ ወጣት ታፍሶ ሁለት ሳምንት ታስሮ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። በነዚያ ሁለት ሳምንታት ኣስካለ ፖሊስ ጣቢያ ስትገባና ስትወጣ ታይታለች። «ምን ልታደርግ ነው የምትገባው? ጠቋሚ ብትሆን ነው እንጂ» ተባለ። የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ መኣሾ፣ ለታሳሪዎቹ ምግብ ታመላልስ እንደነበር ስለሚያውቅ አስመረጣት። ወሬው ግን ፊቷ ላይ አይባል እንጂ ሰፈሩን አልለቀቀም። ሥዕሉ ሲሰቀል ማኅተም አገኘ። የሰውን ሁሉ ምሥጢር የሚሰማው ጋረደው በአፉ ያልተናገረውን በእጁ ነገረን አሉ።

«አሰፋች መጣች» አለች ኣስካለ። «እሑድ ሊመጡልን የነበሩት ሽማግሌዎች ቀሩ አለችኝ። ‹ሥዕሉን አይቻለሁ፤ ልጄን ኣኽሊሉን ከዚህ ቤት አላጋባም› አለች። በር ላይ ቆማ! ሉላ እየሰማች! ልጄ ምን አደረገችህ?»

«ዛሬውኑ አወርደዋለሁ። ሌላ እስላለሁ።»

«ደብቀህ? ከዚያ ‹አስፈራርታው ነው› እንዲሉኝ?»

ከመኪናው ሥር የሁዜይፋ ጭንቅላት ብቅ አለ። መካኒክ ነው፤ ግንባሩ ግሪስ በግሪስ ሆኗል። «ያ አኺ፣ እኛ ዘንድ ሰው መሳል አይወደድም ስልህ ትስቅብኝ ነበር። ይኸው...»

«አንተ ደግሞ ግባ ከመኪናህ ሥር!» ብላ ጮኸችበት። ሁዜይፋ ገባ።

ጋረደው እጁን በጋዝ እንኳ ሳይታጠብ ወደ እድሩ አዳራሽ ሄደ። አቶ መኣሾ ብቻውን ወንበር እየደረደረ ነበር።

«ያለ ስብሰባ አይወርድም፣ ጋረደው። በቃለ ጉባኤ የተሰቀለ ነገር ነው።»

«ስሕተት ነው እያልኩህ! የእኔ ስሕተት ነው፤ የእሷ ኃጢአት አይደለም!»

«ገብቶኛል። ግን ትናንት ተሰቅሎ ዛሬ ሲወርድ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ያለውን ብሎ ጨርሷል!» አለ ጋረደው፤ ከወንበሮቹ አንዱን አንሥቶ መሬት ላይ ፈጠፈጠው። በዚህ ሁሉ ዓመት ጋረደው ሲጮህ የሰማ ሰው አልነበረም። መኣሾ ወንበሩን አንሥቶ ወደ ቦታው መለሰው። «በል እሺ» አለ በመጨረሻ፤ «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሁሉም ባለበት።»

እሑድ ሕዝቡ ጠበሉን ጠጥቶ ከአዳራሹ ፊት ባለው ራኩባ ጥላ ሥር ተሰበሰበ። ጋረደው አዲስ ሸራ ጣውላ ላይ ወጥሮ ቆሟል። አማተበ። ኣስካለ ከፊቱ ተቀመጠች፤ ሁልጊዜ በግራ በኩል የምትጎትተውን ነጠላ ወደ ኋላ ጣለችው።

«እንዳታሳምረኝ» አለችው። «እንዳታስለቅሰኝም።»

በከሰል መንደፍ ጀመረ። ልማዱ ቀስ ብሎ መጠየቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ከኋላ የቆመው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቀ።

«ይህች ዓይን ምን ሆነች?»

«ዶካ አጠገብ ሰሊጥ ሳጭድ ጎንበስ ስል አገዳው ወጋኝ። በነጠላዬ አስሬያት እስኪመሽ አጨድኩ፤ የቀኑ ሥራ እንዳይቀርብኝ።»

«አምና ፖሊስ ጣቢያ ምን ትሠሪ ነበር?»

ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ምሳ አደርስ ነበር። ለዘጠኙም። እናንተ ፈራችሁ። አልፈርድም፤ ምግብ ይዞ የሄደ ሁሉ ወረቀት ይጠየቅ ነበር። እኔ የካምፕ ካርድ ነበረኝ፤ ሲጠይቁኝ አሳይቼ እገባለሁ።»

«ምሳው ከማን ከማን ቤት ነበር?»

ጋረደው ከሰሉን እንደያዘ ጠበቃት። መጠበቅ ያውቃል።

«እሱን አልናገርም» አለች። «በፍርሃታቸው ጊዜ አምነው የሰጡኝን በአደባባይ አላወጣም።»

«እኔ እናገራለሁ!»

ሉላ ነበረች። ከሴቶቹ መሀል ወጥታ ቆመች። «ባለ ሦስት ድርቡ አረንጓዴ ምሳ ዕቃ የእትዬ አሰፋች ነው። አሥራ አራት ቀን ሙሉ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ከዘጠኙ አንዱ የወንድማቸው ልጅ ነበር። እናቴ ጣቢያ ለምን እንደምትገባ ከሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም!»

ሰው ሁሉ ወደ አሰፋች ዞረ። አሰፋች የአንገት ሐብሏን ጨብጣ ቆማለች፤ ጋረደው ሳያስበው የአፏ ዳር እንዴት እንደወረደ ልብ አለ።

«ያን ጊዜ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አልታደሰም ነበር» አለች። «እኔ ነኝ የላክኩት ብል እኔንም... ሰው ሲያወራ ምን ልበል?»

«አሁንስ? ኢቃማሽ ከታደሰ ስንት ወሩ?» አላት ጋረደው።

ከወንዶቹ በኩል አንዱ ወደ አዳራሹ እጁን ዘርግቶ «የሷም ሥዕል እዚያ ተሰቅሎ የለም እንዴ? አያ ጋረደው፣ በል በጎን ሳልልን!» አለ። ሳቅ ተነሣ።

«አይነካም!» አለች ኣስካለ ከወንበሯ ሳትነሣ። «ሁለት ዓይን አላት፤ ሁሉንም አይታለች። እንዳየች ትቀመጥ።»

ሳቁ ተቋረጠ። አሰፋች ነጠላዋን እስከ አፏ ስባ ከራኩባው ወጣች። ልጇ ኣኽሊሉ ግን አልተከተላትም፤ በሰው መሀል ተጋፍቶ ሉላ አጠገብ ደረሰ።

«የእናቴን ነገር ተዪው፣ ሉላ። እኔ ሽማግሌዎቹን ራሴ...»

«ታውቅ ነበር?»

«ወላሂ፣ የምሳ ዕቃውን አላውቅም።»

«ወሬውንስ?»

ኣኽሊሉ አንገቱን ደፋ። «ሰምቼ ነበር።»

«ሰምተህ ምን አልክ?»

ምንም። ሉላ ጠበቀችው፤ ብዙ ነው የጠበቀችው። ከዚያ «እንግዲያው ሽማግሌ አትላክ» አለችው። «ይህን የምልህ እኔ ነኝ፤ እናቴ አይደለችም።» ሄዳ ከእናቷ ወንበር ኋላ ቆመች።

የጋረደው እጅ ቆሟል። «ሰምቼ ነበር» የምትለዋ ቃል ጆሮው ውስጥ ቀርታለች። እሱስ? ያን ወሬ ከሦስት ሰው አፍ ሰምቶታል። ሦስቱም ከፊቱ ተቀምጠው ሲሳሉ ነው የነገሩት። እሱ ብሩሹን እያጠቀሰ «እህ» እያለ ሰማቸው፤ አንዱንም «ይህን ነገር አይተሃል?» ብሎ አልጠየቀም። ያን ዝምታውን ትዕግሥት ነው ብሎ ነበር። ማታ ሲጸልይ እንኳ ትዕግሥት ስለሰጠው አመስግኖበታል። አሁን በራሱ ላይ የተነሣበት ንዴት በአሰፋች ላይ ከነደደው የበለጠ ነበር።

«ምን ቆመሃል? ሳል» አለችው ኣስካለ።

«ኣስካለ፣ እኔም ሰምቼ ነበር።»

ፊቷን አላዞረችም። በምታየውም በማታየውም ዓይን ፊት ለፊት ነበረች።

«አውቃለሁ» አለች። «ሰምተህ ነው ዓይኔን ማየት የከበደህ። በል ሳል፤ ፀሐዩ እየዞረ ነው።»

ጋረደው ብሩሹን ነጩ ቀለም ውስጥ ነከረና በግራ ዓይኗ ጀመረ።