ከአልጋዋ ማዶ

የሚኖሩበትን ጀልባ መብሳት የእብድ ሥራ ነው ይላሉ። እኔ በጤናዬ በሳሁት።

ባለቤቴ ልቧ ደክሟል። ሐኪሙ «ሙቀት እንዳያገኛት» ብሎ ሸኘን፤ የምንኖረው ግን ቀትር ላይ እንደ ምድጃ በሚግል ጀልባ ውስጥ ነው። የአየር ማቀዝቀዣ ገዛሁ። ይህ ዓይነቱ የሚሠራው ከሥር ውሃ እየሳበ ስለሆነ የጀልባዋ ጎን መበሳት አለበት።

ጎረቤቴ መካኒኩ፣ «ወደ የብስ ተጎትታ ትውጣና ይበሳ። ወረፋው ሃያ ቀን ነው፣ ጠብቅ» አለኝ።

«ሃያ ቀን ሙሉ እሷ ትቀቀል?»

«እንግዲህ ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብሎ ሄደ።

አርባ ዓመት አናጺ የነበረ ሰው ቀዳዳ አያቅተውም። ባለቤቴን እህቷ ቤት አደረስኳትና በቀኝ በኩል የአሸዋ ጆንያ ደረደርኩ። ጀልባዋ ወደ ቀኝ ስታጋድል ግራ ጎኗ ከውሃው ብቅ አለ። ቶሎ በሳሁ፣ ቧንቧውን አጠበቅኩ፣ ጆንያውን አወረድኩ። ጠብታ አልገባም። ቀዳዳው ከውሃው በታች አራት ጣት ብቻ ነው፤ እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በታች ለመብሳት ፈራሁ።

ባለቤቴን አምጥቼ በቀኝ በኩል፣ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ በተሠራው አልጋ ላይ አስተኛኋት። ቀዝቃዛው አየር ሲነካት ዓይኗን ጨፍና «መሐንዲሴ!» አለችኝ። ደስ ብሎኝ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ማቀዝቀዣው ተንገጫግጮ ጠፋ።

ስነሳ ሠራ። ስቀመጥ ጠፋ። በሦስተኛው ገባኝ፤ ሁለታችንም ቀኝ ስንሆን ጀልባዋ ታጋድላለች፣ ያ የፈሪ ቀዳዳዬም ከውሃው ይወጣል።

የጋዙን ሲሊንደር፣ መሣሪያዬን፣ የመልሕቁን ሰንሰለት ሁሉ ወደ ግራ አጋዝኩ። አልበቃም። ጆንያ ጨመርኩ፤ ጀልባዋ ከልኳ በላይ ጠለቀችና ፀሐይ ያደረቀው የላይኛው ሳንቃ ውሃ ማስገባት ጀመረ። በጥድፊያ አወረድኩት። ጀልባዋን እንደገና አጋድሜ፣ ዝቅ አድርጌ እንዳልበሳ፣ እሷ አሁን ከአልጋ መነሳት አቅቷታል። መካኒኩ መጥቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቦታዬ ማዶ፣ የግራው ጥግ ሆነ። አምስት እርምጃ ነው። ማቀዝቀዣው ስለሚጮህ ድምጿ አይደርሰኝም። «ምን አልሽ?» እላለሁ፤ ደግማ ለመናገር ትንፋሽ ያጥራታል። እንዲህ ሆነን ዘጠኝ ቀን ቆየን።

በዘጠነኛው ቀን ቀትር ላይ እጇን ዘረጋች።

«ና እስቲ።»

«ብመጣ ይጠፋል እኮ።»

«ይጥፋ።»

«ሐኪሙ ምን አለ? ይሞቅሻል!»

«አንተ ሰውዬ፣ ባሌ ነህ ወይስ ጆንያ?»

ሄጄ እጇን ያዝኩ። ማቀዝቀዣው ጠፋ። ጸጥ ሲል ትንፋሿን ሰማሁት፤ ይቆራረጣል። ለካ ዘጠኝ ቀን ሙሉ እንዲህ ስትተነፍስ አልሰማኋትም። ፈራሁ። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ሲል ልነሳ አልኩ፤ እጄን ጨበጥ አድርጋ ያዘችኝ።

በሌላው እጄ ማቀዝቀዣው የመጣበትን ካርቶን ከአልጋው ሥር ሳብኩና ክዳኑን ገንጥዬ ማራገብ ጀመርኩ።