ሁለቱ የብረት ዓይኖች

ቀራፂው ዕድሜውን ሙሉ ሽቦን የሚያውቀው ለሐውልት አጥንትነት ነበር። ጄሶ ሲለጠፍበት ሽቦው ይጠፋል፤ ለእሱ ጨዋ ሽቦ ማለት የማይታይ ሽቦ ነው። አንድ ልጁ ኤሌክትሮኒክስ እማራለሁ ስትለው፣ "የእኔ ልጅ ሽቦ ቀጣይ ልትሆን!" ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ አስቆባታል። ዘንድሮ የሥነ ጥበብ ማዕከሉ ለአርቲስቶች የኤሌክትሮኒክስ ሥልጠና ሲከፍት አስተማሪዋ ማን ሆና ትገኝ? ያቺው ሽቦ ቀጣይ። እሱም ጢሙን ተላጭቶ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ የፊት ወንበር ላይ ተሰየመ።

ክፍሉ ጉድ ነበር። ሰዓሊዋ ገመድ የምትመርጠው ቀለሙ ከሥዕሏ ጋር ሲስማማላት ነው። ሸክላ ሠሪው ባትሪውን ቅርጹ ይደብራል ብሎ አኮረፈው። ቀራፂው ግን አንገቱን ደፍቶ ይሠራል፤ ሐውልቱን በጨርቅ ሸፍኖ ለልጁ እንኳ አላሳያትም።

ሟች ሚስቱ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ስትሠራ፣ ልጃቸው ወደ ቤት ስትገባ ቀና ትል ነበር። እሱ ሲገባ ብዙም ቀና አትልም፤ ያ ሌላ ወሬ ነው። አሁን ሚስቱን ቀርጿታል። በኤግዚቢሽኑ መክፈቻ ልጁ ስትቀርብ እናቷ ቀና እንድትልላት ይፈልጋል። ይቅርታ በአፉ ከመጠየቅ ሐውልት መቅረጽ ይቀለዋል።

"አባዬ፣ ይሄ ሴንሰር ሰው ሲቀርብ የሚያውቀው በእነዚህ ሁለት ዓይኖቹ ነው" አለችው ልጁ። "ሰው ሲያይ ሞተሩን ያስነሳዋል፣ ሰው ሲርቅ ይመልሰዋል። እንዳትሸፍናቸው፣ አደራ።"

"ገብቶኛል እኮ! ሕፃን አደረግሽኝ እንዴ?"

እውነትም ገብቶት ነበር። ግን በመክፈቻው ዋዜማ ራቅ ብሎ ሐውልቷን ሲያያት፣ ደረቷ ላይ ሁለት ክብ የብረት ዓይኖች አፍጥጠዋል። የሚስቱ ደረት ላይ! እጁን በላው። "ይህችን ታህል ምን ትጎዳለች" ብሎ ስስ ጄሶ ቀባቸው።

በማግስቱ ገና ሲያበራት ሐውልቷ ቀና አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያ ግን ቀና እንዳለች ቀረች፤ ሰው ቢቀርብ ቢርቅ ንቅንቅ የለም።

"የማያልቅ ጥበቃ!" አለ ሃያሲው። "ሁሉም ትቷት ሲሄድ እንኳ ዓይኗን ከበሩ አትነቅልም!"

ሰዓሊዋ አለቀሰች። የማዕከሉ ኃላፊ የዓመቱ ሽልማት የእርስዎ ነው ብላ ጆሮው ላይ ሹክ አለችው። ቀራፂው በሕይወቱ እንዲህ ተመስግኖ አያውቅም፤ ሚስቱ ደግሞ ማንንም ቁጭ ብላ ስትጠብቅ አይቷት አያውቅም፣ ሥራ ነበረባት።

በዚህ መሀል ልጁ ገባች። ሐውልቷ ፊት ስትደርስ እናቷን አወቀቻትና ድርቅ ብላ ቀረች። ቆይታ ደረቷን አየች።

"ሸፈንከው አይደል?" አለችው በሹክሹክታ። "ጄሶው ዓይኖቹ ላይ ስለተለጠፈ ሁልጊዜ ፊቷ ሰው የቆመ ይመስላታል። ተወው ግን፣ ወደውልሃል። እኔ ለማንም አልናገርም።"

ቀራፂው ሽልማቱን አሰበ፣ ልጁን አየ፣ ከኪሱ የጄሶ መፋቂያውን አወጣ።

"ኧረ ጋሼ! ምርጡን ነገር ሊያበላሹት ነው!" ጮኸች ኃላፊዋ።

"ምርጡ ነገር ስህተቴ ነው" አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። "መምህሬ ነግራኝ ነበር። አልሰማም ብዬ ነው።"

ጄሶውን ፈቅፍቆ ሲያበቃ ሰዉን ሁሉ ከሐውልቷ አራቀ። ሐውልቷ አቀረቀረች።

"በይ ነይ" አላት ልጁን።

ቀረበች። እናቷ ቀና አለች። ልጅቷ ወደኋላ ሸሸት አለች፣ ደግማ ቀረበች፤ እናቷም ደግማ ቀና አለችላት። ሃያሲው "በቃ፣ መጫወቻ አደረገው" ብሎ ወደ መጠጡ ሄደ።

ልጅቷ ገለል ስትል ቀራፂው ራሱ ፈራ ተባ እያለ ቀረበ። ሐውልቷ ቀና አለች።

"አየሽ? ለእኔም ቀና አለች!"

"ሴንሰሩ እኮ ማን እንደሆንክ አያውቅም፣ አባዬ" አለችው ልጁ፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።