ስህተቱን የጠቆመው

መቅደላዊት ስህተቱን ያገኘችው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ላሊበላ ባለው ጠባብ ቢሯቸው ነው። ስታገኘው ደስ አላላትም። ስምንት ወር ሙሉ ጥፋቱ የእሷ ሆኖ ሳለ፣ ስሙ የጠፋው ምሥጋናው ነበር።

ሁለቱ አብረው ይሠሩ የነበረው በላስታ ደጋ ለተተከሉ የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች ነው። በየጣቢያው አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር አለች። ባትሪዋ እንዳያልቅ ሥራው በተራ ነው። መጀመሪያ ምሥጋናው የጻፈው የመለኪያ ሞጁል የተባለ ቁራጭ ፕሮግራም ወደ ከርነሉ፣ ማለትም ኮምፒውተሯን ወደሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም ይገባል። ለክቶ ሲወጣ፣ ከውጭ የተገዛው የሬዲዮ ሞጁል ገብቶ ውጤቱን ይልካል። አምና ክረምት ላይ ጣቢያዎቹ በሥራ መሀል ቀጥ ማለት ጀመሩ። ሙጃ በተተከለው ጣቢያ የሁለት ወር ዝናብ ሳይመዘገብ አለፈ።

ከርነሉ ውስጥ የሚሆነውን የሚከታተለውን መሣሪያ የሠራችው መቅደላዊት ናት። ከርነሉ የሚያውቀው ሞጁሉ ያረፈበትን ቦታ የአድራሻ ቁጥር ብቻ ነው። መሣሪያው ቁጥሩን ከስም ዝርዝር ጋር ያመሳክርና የየትኛው ሞጁል ሥራ እንደሆነ ይናገራል። ተናገረም፤ ጣቢያ ቀጥ ባለ ቁጥር የምሥጋናውን ሞጁል ጠራ።

«በዚያ ደቂቃ የእኔ ወጥቷል እኮ። ሰዓቱን እዪው» ብሏት ነበር ምሥጋናው፣ ጉዳዩ በታየበት ስብሰባ ላይ።

ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። «መሣሪያው አንተን የሚጠላበት ምክንያት የለውም። ያየውን ነው የሚናገረው።»

ሰው ሳቀ። አለቃቸው ኃይለ ማርያም በዚያው ሳምንት ምሥጋናውን አሰናበቱት።

መሣሪያው ግን አላየም ነበር። የስም ዝርዝሩን የሚያነበው ሥራ ሲጀምር አንዴ ብቻ ነው። የምሥጋናው ሞጁል ወጥቶ የሬዲዮው እዚያው ቦታ ላይ ሲያርፍ፣ አሁንም በአሮጌው ዝርዝር ይጠራል። ተከራይ ከለቀቀ በኋላ አዲሱ ለሚያነሣው ጫጫታ የቀድሞውን እንደ መክሰስ ነው። ያኔ ሰዓቱን ብታይ ኖሮ አሥር ደቂቃ ይበቃት ነበር።

ሞጁል በገባ ቁጥር ዝርዝሩ እንደገና እንዲነበብ አድርጋ አስተካከለችው። ማስተካከያ ሲላክ የሚሞላ ቅጽ አለ። «ስህተቱን የፈጠረው» በሚለው ፊት የራሷን ስም ጻፈች፤ ይሄ አላስቸገራትም። «ስህተቱን የጠቆመው» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። እዚያ የሰው ስም የሚገባው ባለቤቱ ሲፈቅድ ነው፤ ምሥጋናው ደግሞ ስልኳን ማንሣት ከተወ ቆይቷል። በማግስቱ ላፕቶፗን አንግታ ብልባላ ሄደች።

ምሥጋናው ከገበያው ዳር ስልክና የሶላር መብራት ይጠግናል። ካቻቢቴውን ሳያስቀምጥ ከላይ እስከ ታች አያት።

«መቅደላዊት» አላት። ድሮ መቅዲ ነበር የሚላት።

«ልክ ነበርክ» አለች፤ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አታውቅበትም። «የተሳሳተው የእኔ መሣሪያ ነው። ለኃይለ ማርያምም ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን አሉ?»

«አዘኑ። ቦታህ ላይ ግን ሰው ቀጥረዋል።»

«እሱስ ምን አጠፋ፤ ይሥራ።»

«ስምህን ልጽፍ ነው የመጣሁት። ስህተቱን የጠቆመው በሚለው ላይ።»

«ጠቋሚ ልታደርጊኝ?» ሳቀ፤ ሳቁ ቶሎ አለቀ። «ስሜን አንዴ እዚያ ዕቃሽ ውስጥ አስገብተሽዋል። ሙጃ ላይ ‹ዝናቡን ያጠፋው› ነው የምባለው። እናቴ ጆሮ ድረስ ደርሷል። በቃኝ።»

«ለአንተ ብዬ እኮ ነው።»

«ለእኔ ከሆነማ ያኔ ነበር።»

ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ቀለለባት። እሱም አልጠበቃትም። ወደ ላፕቶፑ በአገጩ አመለከተ። «እንዴት አስተካከልሽው?»

አሳየችው። በጣቱ መስመር በመስመር እየተከተለ ሁለቴ አነበበው።

«እሺ፤ የእኔው ሳይወጣ የተመዘገበ፣ ግን የሬዲዮው ከገባ በኋላ የሚነበብ ነገርስ? በማን ስም ነው የሚጠራው?»

ለመመለስ ቸኮለች፤ ከዚያ መስመሩን ደግማ አየችው። በሬዲዮው ስም ነበር የሚጠራው።

«አየሽ፤ አሁን ደግሞ የማታውቂውን ሰው ልትከሺ ነበር። አሮጌውን ዝርዝር አትጣይው። እያንዳንዱ ስም ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እዚያ እንደነበር ያዢ። ከዚያ በሰዓቱ ፈልጊ።»

በርጩማ ገፋላት። ደጁ ላይ ተቀምጣ ስትጽፍ፣ መብራት ሊያሠሩ የመጡ ጎረቤቱ እትዬ አዛለች ትክ ብለው አዩዋት።

«ምሥጋናው፣ ሙሽራ አመጣህ እንዴ?»

«ኧረ ይተዉኝ እትዬ! እኔ የማውቃት ሰው ስታስባርር ነው።»

መቅደላዊት ቀና አላለችም። ስትጨርስ አሳየችው፤ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ይሄኛውም ያንተ ነው» አለችው።

«ይሄንንም አልነገርኩሽም።»

«ስህተቱን የጠቆመው» የሚለውን መስመር ባዶውን ትታ ቅጹን ላከችው። ወደ ላሊበላ በሚመለሰው መኪና ውስጥ ሳለች የኃይለ ማርያም መልእክት ደረሳት፦ «ግሩም ሥራ ነው። የሰዓቱ ነገር ግን እንዴት መጣልሽ?»

የምሥጋናውን ስም ጻፈች። አጠፋችው።

«ሰው ነግሮኝ ነው» ብላ ላከች።