ሰኞ ሰኞ ዕንቁላል፣ እሑድ እሑድ ሽማግሌ

እትዬ ወለተሐና ሱቃቸውን የሚያስተዳድሩት በጩኸት ነበር። ዘይት ሲያልቅ ስልካቸውን አንሥተው ወደ አዲስ አበባ ይጮሃሉ፣ ዕንቁላል ሲያልቅ ወደ ጫጫ ይጮሃሉ፣ ሽንኩርት ሲያልቅ ቁልቁል ወደ አሊዩ አምባ ይጮሃሉ። ስልክ ባይፈጠርም ድምፃቸው ይደርስ ነበር እያለ ደብረ ብርሃን ይስቅባቸዋል። ይሳቅ! ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት ያለው ያ ሱቅ አንድም ቀን "የለም" ብሎ ሰው መልሶ አያውቅም።

ቴዎፍሎስ ማሳመን ያለበት እንግዲህ እኚህን ሴት ነበር። ቴዎፍሎስ የአንኮበር ጎረቤላ ልጅ ነው፤ የቄስ ልጅ፣ ለሱቆች የኮምፒውተር ፕሮግራም እየጫነ የሚኖር። ሳሌምን ይወዳል፤ ሳሌምም ትወደዋለች። ችግሩ ሳሌም ለእትዬ ወለተሐና አንድ ልጃቸው መሆኗ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያ ሰፊ ቤት የሚሞቀው በእሷ ብቻ ነው። ስለዚህ የጋብቻ ነገር በተነሣ ቁጥር ወይ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ወይ አንድ ዕቃ ይጠፋቸውና ፍለጋ ይገባሉ።

"እትዬ" አላቸው ቴዎፍሎስ አንድ ቀን፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። "እኔ የምጭንልዎት ሲስተም ዕቃ ሲያልቅ ራሱ ያዝዛል። እርስዎ ሳይደክሙ።"

"ባንክ በሄድኩ ቁጥር ሲስተም የለም ይሉኛል። ያንተ ከየት መጣ?"

"የኔ አለ፣ እትዬ።"

እትዬ ወለተሐና ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ልቡ የት እንዳለ ጠፍቷቸው አልነበረም፤ ሲስተሙ ሰበብ እንደሆነ ገና በሩ ላይ ሲቆም አውቀዋል።

"በል እንግዲያው። እኔ አንኮበር እህቴ ዘንድ ሄጄ ቅበላን እዚያው ልውል ነው፤ ሰኞ እመለሳለሁ። ያ ማሽንህ ሱቄን ካላሳፈረኝ ሽማግሌ ላክ። ካሳፈረኝ ግን እንኳን ሽማግሌህ አንተም በዚህ በር እንዳታልፍ!"

ስኳር ስትመዝን የነበረችው ሳሌም ይህን ስትሰማ ማንኪያውን ሙሉ ላስቲኩ ውስጥ ገለበጠችው። ደንበኛው ጭማሪውን ያለ ዋጋ አግኝቶ እየመረቀ ሄደ።

ቴዎፍሎስ ያን ሳምንት እንቅልፍ አላየም። አቅራቢዎቹን ሁሉ አስገባ፣ ስልካቸውን መዘገበ፣ ደንቡን አወጣ፦ በሳምንቱ የተሸጠው ሁሉ በዚያው ልክ እንደገና ይታዘዛል፤ ትዕዛዙ እሑድ ወደ አቅራቢው ስልክ ይሄዳል፤ ዕቃው ሰኞ ጠዋት ይገባል። በመጨረሻ ፕሮግራሙ "እስከ መቼ ይደገም?" ብሎ ጠየቀው። ቦታው ባዶ ከተተወ ትዕዛዙ ለዘላለም ይደገማል። ለአማቱ ለዘላለም የሚያገለግል ነገር መሥራቱ ደስ አለውና ባዶውን ተወው።

አይ ቴዎፍሎስ! የቄስ ልጅ ሆነህ! ሳምንቱ ምን ሳምንት ነው? ቅበላ! ሰዉ ሁዳዴ ሊገባ ነው ብሎ ዕንቁላሉን ከዓለም ሊጠፋ የተቃረበ ይመስል ይሻማበታል። ቀድሞ በሳምንት የማይሸጠው በአንድ ቀን ይሸጣል። ማሽኑም ይህን ሁሉ አየና እነዚህ ሰዎች ዕንቁላል ሲወዱ አለ። ቴዎፍሎስ ራሱ ከሰኞ ጀምሮ ሊጾም ተዘጋጅቷል፤ ማሽኑም መጾም እንዳለበት ግን ፈጽሞ አልታሰበውም።

ሰኞ፣ የሁዳዴ የመጀመሪያው ቀን፣ ሱቁ ገና ሲከፈት አንድ ፒክአፕ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ከላይ እስከ ታች ዕንቁላል ነው። ከውስጡ አቶ ወርቅአገኘሁ ዘለው ወረዱ፤ በጫጫ ዶሮ የሚያረቡት ሰውዬ ናቸው። ቴዎፍሎስን አንቀው ግራና ቀኝ ሳሙት።

"ተባረክ! እኔ ሁዳዴ በገባ ቁጥር ዕንቁላሌን ታቅፌ እንደ እብድ ስዞር ነው የምከርመው። ዶሮዎቼ መቼ ጾም ያውቃሉ? ዘንድሮ ግን ትዕዛዝ! ያውም ከኮምፒውተር!"

ቴዎፍሎስ ክው አለ። "ጋሼ፣ ስህተት ነው! ጾም እኮ ገባ!"

"ኮምፒውተር ደግሞ ምን ይሳሳታል?" አሉ አቶ ወርቅአገኘሁ፣ ካርቶኑን እያወረዱ። ሐሳቡን እንዳይቀይር ፈርተው ነው መሰል፣ የመጨረሻዋን ካርቶን በሩ ላይ አኑረው መኪናቸውን በጫጫ መንገድ አስፈተለኳት።

ጉድ ፈላ! ነጠላ የለበሰው ምእመን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፍ የዕንቁላል ክምሩን እያየ ያማትባል። አንዲት አሮጊትማ "የዘንድሮ ልጆች!" ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። ቴዎፍሎስና ሳሌም ካርቶኑን መደበቅ ጀመሩ። ጓዳ ሞላ፣ ከመደርደሪያው ሥር ሞላ፣ የሳሌም አልጋ ሥር ሞላ። ቦታ ያጡትን የመጨረሻዎቹን ካርቶኖች ግድግዳ ዳር ደረደሩና ሳሌም በጋቢ አለበሰቻቸው። ከሩቅ ሲያዩት የሚያምር መደብ ወጣው።

እትዬ ወለተሐና ከአንኮበር የደረሱት ያኔ ነው። ብቻቸውን ቢሆኑ ምን ነበረበት! የነፍስ አባታቸውን ቄስ ገብረመንፈስቅዱስን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በሩ ላይ አግኝተው "ይግቡና ሱቁን ይባርኩልኝ" ብለው ይዘዋቸው ገቡ። ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ ሰውነታቸው ደንዳና ነው፤ ከሌሊት ጀምሮ ቆመው ሲቀድሱ የዋሉ፣ እህል በአፋቸው ያልዞረ።

"እሰይ፣ እሰይ" አሉ፣ በጋቢ የለበሰውን መደብ ሲያዩ። "መቀመጫም አዘጋጅታችሁልኛል። እግዚአብሔር ይስጣችሁ!"

"አባ፣ እዚያ አይ..." ቴዎፍሎስ አልጨረሰም። ተቀመጡ።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭጭጭ አለ።

ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ አልተንቀሳቀሱም። ቢነሡ ሌላ ጉድ ነው፣ ቢቀመጡም ሌላ ጉድ ነው፤ መስቀላቸውን ጨብጠው ፊት ለፊት ማየታቸውን ቀጠሉ።

"አባ፣ ምነው?" አሉ እትዬ ወለተሐና።

"ምንም አይደል፣ ልጄ። ብቻ... ከሥሬ የሚፈስ ነገር አለ።"

ቢጫው ፈሳሽ ከጋቢው ሥር ወጥቶ፣ ወለሉን አቋርጦ፣ እትዬ ወለተሐና ጫማ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ምንድነው ይሄ?"

"ዕንቁላል ነው፣ እትዬ" አለ ቴዎፍሎስ። ውሸት ማን ያምጣለት?

"በሁዳዴ?"

"በሁዳዴ።"

ሳሌም የጓዳውን በር ከፈተችው። እትዬ ወለተሐና ጎንበስ ብለው አዩ፣ ቀና አሉ፣ እንደገና ጎንበስ ብለው አዩ።

"እኔ እንግዲህ" አሉ ቄሱ፣ "ተቀመጥኩበት እንጂ አልበላሁትም። ጾሜ አልተሻረም።"

ሳሌም ሳቋን መያዝ አቅቷት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እትዬ ወለተሐና ግን አልሳቁም፤ የባሰው ደግሞ አልጮሁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጮሁ የኖሩት ሴት በቀስታ "ውጣ" አሉት።

ቴዎፍሎስ ወጥቶ ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ሰው ፍቅረኛውን በሌላ ወንድ ያጣል፣ በሀብት ያጣል፤ እኔ በዕንቁላል አጣኋት ብሎ አንገቱን ደፋ። እውነቱን ነው፣ እንባው መጥቶ ነበር።

እንዲህ እንደተቀመጠ የአሊዩ አምባው ነጋዴ አቶ ሸሪፍ በአይሱዙ ሽንኩርት ጭነው ደረሱ፤ የሽንኩርቱን ትዕዛዝ ማሽኑ አላበላሸውም። ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሳምንት ነው የገጠሙት። አቶ ሸሪፍ ሽንኩርቱን እያወረዱ ያጉረመርማሉ።

"ረመዳን ከነገ ወዲያ ሊገባ ነው፤ ሰዉ ለሱሑር ለማፍጠሪያ ዕንቁላል አምጣ እያለ ጨረሰኝ። ገበያው ላይ አንዲት ፍሬ የለም! ከየት ልውለደው? ወላሂ ከየት ልውለደው?"

ቴዎፍሎስ ከድንጋዩ ላይ ተስፈንጥሮ ተነሣ። "ጋሽ ሸሪፍ! ባዶ መኪና ይዘው ነው የሚመለሱት?"

"ታዲያ ምን ልጫን፣ ጉም?"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ደብረ ብርሃን እስከ ዛሬ ያወራዋል። ከጓዳ፣ ከመደርደሪያ፣ ከአልጋ ሥር ካርቶን እየወጣ አይሱዙ ላይ ተጫነ። አቶ ሸሪፍ አልሐምዱሊላህ እያሉ እያንዳንዱን እንደ ሕፃን ተቀበሉት፤ የአንኮበርን ቁልቁለት በእግር ከሚሄድ ሰው ቀስ ብለው እንደሚወርዱ ማሉ። "እና ደግሞ" አሉ ሞተር ሲያስነሡ፣ "ረመዳን እስኪያልቅ ሰኞ ሰኞ ይኑር። እንዳታቋርጠው!" ከሱቁ ውስጥ ያልወጡት ቄስ ገብረመንፈስቅዱስና ከሥራቸው ያለው ዕንቁላል ብቻ ነበሩ። ለእሳቸውም ሳሌም ሌላ ጋቢ አምጥታ ከወገባቸው በታች ጠቅልላ ሸኘቻቸው።

እትዬ ወለተሐና በሩን ተደግፈው ይህን ሁሉ ሲያዩ ቆዩ። ከንፈራቸው ዳር ላይ ሳቅ አለ፣ ግን ዋጡት።

"እትዬ" አለ ቴዎፍሎስ፣ ላብ በላብ ሆኖ። "የሽማግሌውስ ነገር?"

"ያን ማሽንህን እዘዘዋ! ሽማግሌም ያምጣልህ!" አሉና ገቡ።

ሌላ ሰው ቢሆን ስድብ ነው ብሎ ይሄድ ነበር። ቴዎፍሎስ ግን ቁጭ ብሎ መዘገበ። የዕቃው ዓይነት፦ ሽማግሌ። ብዛት፦ ሦስት። አቅራቢ፦ ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ፣ አቶ ወርቅአገኘሁ፣ አቶ ሸሪፍ። ርክክብ፦ እሑድ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት። ሽማግሌ አንዴ ሄዶ ልጅ እንደማይሰጠው ማን ያጣዋል? ስለዚህ በየሳምንቱ ይደገም አለ። "እስከ መቼ?" የሚለውን፣ መቼ እሺ እንደሚሉት ስለማያውቅ፣ ባዶ ተወው።

እሑድ ሦስቱ ሽማግሌዎች ስልካቸው ጮኸና መጡ። እትዬ ወለተሐና በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ ጮሁ፣ ቀጥለው "ግቡ" አሉ። ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ ከመቀመጣቸው በፊት ወንበሩን በእጃቸው ደባበሱ። ነገሩ ተነሣ፤ "እንምከርበት" ተባለ፤ ወጉ ነውና ተመለሱ። በሚቀጥለው እሑድ "የልጅቱን ሐሳብ እንጠይቅ" ተባለ፤ ልጅቱ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ጥፍሯን እየበላች። ያን ቀን ግን እትዬ ወለተሐና አቶ ሸሪፍን ጀንበር ሳትጠልቅ አለቅም ብለው፣ ሲያዘጋጁ የዋሉትን ቴምርና የምስር ሾርባ አቀረቡላቸው። በሦስተኛው እሑድ አቶ ወርቅአገኘሁ ስለ ዶሮዎቻቸው አንድ ታሪክ አውርተው እትዬ ወለተሐናን እንባቸው እስኪወርድ አሳቋቸው። ዓይናቸውን ጠረጉና "እሺ፣ ሰጥቻለሁ" አሉ። ከመጋረጃው ጀርባ የሆነ ነገር ወድቆ ተሰበረ። እሺታው ካለቀ በኋላም ሽማግሌዎቹ እሑድ እሑድ መምጣታቸውን አልተዉም፤ ለሠርጉ ዝግጅት ነው ተብሎ ታለፈ።

ፋሲካ አለፈ፣ ሠርጉ ተሠረገ። ቴዎፍሎስና ሳሌም ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ቤት ተከራይተው ገቡ። ከሠርጉ በኋላ በመጣው የመጀመሪያው እሑድ፣ ሁለቱ አመሻሹ ላይ ጋደም እንዳሉ፣ የቴዎፍሎስ ስልክ ጮኸ። ከሱቁ የመጣ መልእክት ነው፦ "ሽማግሌ፣ ብዛት ሦስት፣ ገቢ ሆኗል።"

"ወይኔ! ሳላጠፋው!" አለ። የግራ ጫማውን በቀኝ እግሩ አጥልቆ ሮጠ፤ ሳሌም ነጠላዋን እየሰበሰበች ተከተለችው። በሠርግ ማግስት ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ! አማቴ ይህንን ደግሞ መቼም አይምሩኝም እያለ ነው የሮጠው።

ሲደርሱ የእትዬ ወለተሐና ጩኸት ውጪ ድረስ ይሰማል። "ልጄን ወስዳችኋል! ደግሞ ማንን ልትጠይቁ ነው? የቀረሁት እኔ ነኝ!"

ገቡ። ሦስቱ ሽማግሌዎችና እትዬ ወለተሐና ክብ ሠርተው ተቀምጠው ይሳሳቃሉ። ቡናው ተፈልቶ አልቋል፣ ዳቦው ተቆርሷል፣ ዕንቁላልም ተቀቅሏል፤ ጾም የለም ዛሬ። ያ ዝም ይላል ተብሎ የተፈራው ቤት ሞልቷል።

"እማዬ፣ ይቅርታ!" አለ ቴዎፍሎስ፤ እትዬ ማለቱን ከሠርጉ ወዲህ ትቷል። "ረስቼው ነው፤ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።"

"ማነው አጥፋ ያለህ?" ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ቆመ። ቀሚሳቸውን አስተካከሉ፣ ባዶውን የሳሌምን አልጋ በተከፈተው በር አየት አደረጉ፣ ከዚያ በቀስታ ጠየቁት። "እስከ መቼ ነው የሚለው?"

"ባዶ ነው፣ እማዬ። ለዘላለም ነው።"

"ተወው እንግዲያው።" ድምፃቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ለመደበቅም አልሞከሩም። ሳሌም ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠችና ትከሻቸው ላይ ራሷን ጣል አደረገች። "ብዛቱ ግን ልክ አይደለም። ሦስት አይበቃኝም። አስተካክለው" አሉ እናቷ።

ቴዎፍሎስ ስልኩን አውጥቶ፣ ራሱንና ሳሌምን ጨምሮ፣ ሦስቱን አምስት አደረገው።