ብርድ ያወጣል የተባለው ጨረር

ባሌ አሻግሬ ውሸት አይችልበትም። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ትራፊክ ሲያስቆመው ጥፋቱን ራሱ ዘርዝሮ የሚያስረክብ ሰው ነው። በሕይወቱ አንዴ ዋሸ፤ እሱንም ለእኔ።

በዘጠና ሦስት ዓ.ም. ግራ ጡቴ ላይ እብጠት ወጣና በቀዶ ጥገና አወጡልኝ። ከዚያ ሐኪሙ እኔን አልጋ ላይ ትቶ አሻግሬን ኮሪደር ላይ ጠራው። የአገራችን ወግ ነው እንግዲህ፤ በሽታው የእኔ፣ ወሬው የባሌ! ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። "ምንም አይደል አስካለ፣ ብርድ ነው። ብርዱን የሚያወጣ ማሽን አለ አሉ" አለኝ።

እሺ ብዬ ሄድኩ። ወረፋው ላይ ያለነው ሴቶች ብቻ ነን፤ ግማሾቹ ከሻሻቸው ሥር ፀጉር የላቸውም። አጠገቤ ያለችው "አንቺም የጡት ካንሰር ነሽ?" አለችኝ፣ ሰፈሬን የምትጠይቀኝ ይመስል ቀለል አድርጋ። በዚያው ቀን አወቅሁ። አምስት ሳምንት ተመላልሼ ጨረሩን ወሰድኩ። ለብርድ መሆኑ ነው!

ለምን አልነገርኩትም? አንጀቴን በላው፣ ሌላ ምን! ወረቀቶቼን እህቱ ፈለቀች ቤት ደበቃቸው። ለሳሪስ አቦ የስለት ጃንጥላ አስገባ፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቀው "ለመኪናው ሞተር ተስዬ ነው" አለ። አቦ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆኑት? ይቅር ይበሉኝ። ማወቄን ካወቀ ይሰበራል ብዬ ዝም አልኩ። እሱም ዝም። ቃሊቲ ያለችው ቤታችን አሥራ አምስት ዓመት ሁለት ውሸታም ይዛ ኖረች።

የከተማው ባቡር ሥራ የጀመረ ሰሞን ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። ከባቡሩ ወርጄ ቤቴ እስክገባ ሦስት ቦታ እቀመጣለሁ። እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ። አሻግሬ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ብርድ ነው!" በስንት ጭቅጭቅ የልብ ሐኪም ጋ ሄድን።

ሐኪሟ ዶክተር ሶሊያና በልጄ ዕድሜ ናት። ልቤን በማሽን አየችና "የልብዎ ሽፋን ደንድኗል፤ ልብዎን ጨምቆ ይዞታል" አለችኝ። ጡቴ ላይ ያለውን ጠባሳ ስታይ ደግሞ "ይሄስ? ጨረር ታክመው ነበር?" ብላ ጠየቀች።

አሻግሬ ቀደመኝ። "ኧረ ምን ጨረር! እባጭ ወጥቶባት ነው።" ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

"እንግዲያው ቲቢ ሳይሆን አይቀርም። የስድስት ወር መድኃኒት እጀምርልዎታለሁ" አለችና እስክሪብቶዋን አነሳች።

አሻግሬን አየሁት። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ሰውዬው እኔን ላለማስደንገጥ ብሎ ሊገድለኝ ነው እኮ!

"ቆይ ልጄ" አልኳት። "የጡት ካንሰር ነበረብኝ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት፣ በግራ በኩል፣ አምስት ሳምንት ጨረር ወስጃለሁ።"

"ማን ነገረሽ?" አለ አሻግሬ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

"ወረፋ ላይ ሰማሁ።"

"ይሄን ሁሉ ዓመት ታውቂያለሽ?"

"አንተስ?" አልኩት።

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ጨረሩ ካንሰሩን ሲያጠፋ ልብዎንም ነክቶት ነው። አንዳንዴ ጉዳቱ የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የቲቢ መድኃኒት ምንም አይሠራልዎትም ነበር። የሚያስፈልግዎት ቀዶ ጥገና ነው፤ ከባድ ነው፣ አልዋሽዎትም።" ይህን ሁሉ ስትል የምታየው እኔን እንጂ አሻግሬን አልነበረም።

እሱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን "አይዞህ፣ ምንም አልሆንም" ብዬ አባብለው ነበር። አሁን ግን ሰለቸኝ።

"ፈርቻለሁ አሻግሬ" አልኩት። "ያኔም ፈርቼ ነበር።"

እጁን ከፊቱ አውርዶ እጄን ያዘ።

"እኔም" አለ።