ቀድሞ የወረደው ሞገድ

ቤተሰቡም መሥሪያ ቤቱም «አንቴና» እያለ ነው የሚጠራት። ሥራዋ ከሩቅ አገር ጣቢያ የሚላክ፣ በተራሮች ላይ አልፎ የሚመጣ፣ ድግግሞሹ ዝቅተኛ የሆነ የሬድዮ ሞገድ መከታተል ነው። ሞገዱ በምድርና በላይኛው የአየር ንብርብር መካከል እየነጠረ ይመጣል፤ ንብርብሩ ሲታወክ እሱም ይታወካል። ፀሐይ ስትጠልቅ ኃይሉ ዝቅ ይልና መልሶ ያንሰራራል። ይህን ሰዓቱን ጠብቆ ያደርጋል።

በዚያ ሳምንት ግን ፀሐይዋን አልጠብቅ አለ። ከቀን ወደ ቀን ቀደም እያለ ይወርድ ጀመር።

አለቃዋ ፕሮፌሰሩ ስክሪኑ ላይ አጎንብሰው አዩት። «የፀሐይ ማዕበል ይሆናል።»

«አይቻለሁ፣ ፕሮፌሰር። ፀሐይ ሰሞኑን ጭጭ ብላለች። በሌላ አቅጣጫ የሚመጣው ሞገድም ደህና ነው። የታመመው በተራሮቹ ላይ የሚያልፈው ብቻ ነው።»

«እንግዲያው የታመመው አንቴናው ነዋ!» አሉና ያሉት ነገር ሲገባቸው ሳቁ። «አንቺን ማለቴ አይደለም።»

ጣሪያ ላይ ወጥታ ገመዱን ፈተሸች፤ እንከን የለውም። ማዶ ያለው ብረታ ብረት ቤት ግን አዲስ የብየዳ ማሽን አስገብቷል፤ የብየዳ ብልጭታ ደግሞ ሬድዮ ይረብሻል። ወርዳ አመሻሽ ላይ እንዲያጠፋላት ባለቤቱን ለመነችው።

«ለሳይንስማ አጠፋለሁ» አለ ሰውየው። «ሚስቴ ስትለምነኝ ግን እምቢ ብያታለሁና እንዳትነግሪያት።»

ማሽኑ ጠፋ። ሞገዱ አሁንም ቀድሞ ወረደ።

በዚህ ጊዜ ፕሮፌሰሩ አልተከራከሩም። «ምን ይሻላል?»

«ምድር ከመንቀጥቀጧ በፊት በላይዋ ያለው አየር ይታወካል የሚሉ አሉ። ምልክት ነው እንጂ ትንቢት አይደለም። ሕዝብ አናስደነግጥም፤ ዝም ግን አንልም።»

አደጋ መከላከያ ቢሮ ደወለች። ኃላፊው ቁርጡን ፈለገ። «ይንቀጠቀጣል ወይስ አይንቀጠቀጥም?»

«ቁርጡን አላውቅም። ግን በተራራው ከተማ ትምህርት ቤቶች ስታራዝሙት የከረማችሁትን የመሬት መንቀጥቀጥ ልምምድ ነገ ብታደርጉት ምን ይቀርባችኋል?»

ሰውየው ተነፈሰ። «እሺ፣ ይሁን።»

ቀጥላ እዚያው ከተማ ለምትኖረው እናቷ ደወለች። «እማዬ፣ ከራስጌሽ ያለውን ቁም ሣጥን ወንድሜ ያንሳልሽ።»

«ሬድዮሽ በኔ ቁም ሣጥን ምን አገባው?»

«አስነሺው አልኩሽ!»

«እሺ የኔ እናት፣ አትቆጪ።»

ልምምዱ ከተደረገ በኋላ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ምድር ተናወጠች። ግድግዳ ተሰነጠቀ፣ አሮጌ መጋዘኖች ተናዱ። ተማሪዎቹ ጠረጴዛ ሥር ገብተው ቆዩና ጋብ ሲል በተማሩት መሠረት በሰልፍ ወጡ። አንድም ልጅ አልተጎዳም።

እናቷ ደወለች። «ደህና ነኝ። ቁም ሣጥኑ ግን ሳሎን ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቷል።»

አንቴና ስልኩን እንደያዘች ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። እንባዋ መጣ።

ፕሮፌሰሩ «ጋዜጠኛ ልጥራ!» አሉ።

«ገና ነው» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «አንዴ መግጠም ማስረጃ አይሆንም። ቀድሞ ወርዶ ምንም ያልተከተለባቸውን ቀናትም እንፈልግ። እዚያው ተራራው ላይ ሁለተኛ መቀበያ እንትከል። ጊዜ ይፈጅ እንደሆነ እንጂ እንደርስበታለን።»

በወሩ አንቴና ሁለተኛውን መቀበያ ልትተክል የእናቷ ቤት ጣሪያ ላይ ወጣች። እናቷ ከታች መሰላሉን ይዛ «ዜና ያወራል?» ስትል ጠየቀች።

«አያወራም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ቆርቆሮዬን የምትበሺው ለምኑ ነው?» አለች፤ መሰላሉን ግን ጥብቅ አድርጋ ያዘችላት።