የአፍንጫ ምስክር

ሌባ ብሆን ኖሮ የወሰድኩትን መልሼ፣ የሚገባኝን ታስሬ አርፍ ነበር። እኔ ግን ያጠፋሁት በአፌ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ የእኛ ሰዎች፤ እኔም ይህን ተረት ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ጠቅሼዋለሁ። አብዱልጀሊል እባላለሁ። በ1989 ዓ.ም. ከሚሴ ላይ የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ ዘጠኝ፣ ሚስት የለኝም፣ ስፓኒሽ አውቃለሁ።

ስፓኒሹ ከየት መጣ ለሚል፣ አባቴ ኦጋዴን ላይ ሲሞት መንግሥት ከሌሎች የሟች ልጆች ጋር በመርከብ ጭኖ ኩባ ወሰደኝ። እዚያ አሥራ አንድ ዓመት ተምሬ ስመለስ ይዤ የገባሁት አንድ ሻንጣ፣ አንድ ዲፕሎማና አስተማሪዬ የሰጠችኝ ሽፋኑ የወለቀ መጽሐፍ ነበር። ከሚሴ ላይ ስፓኒሽ ከማወቅ ራዲዮ መጠገን ማወቅ ይሻላል። ቢሆንም ሌላ የምኮራበት ነገር ስላልነበረኝ በእሱ ኮራሁ።

መጽሐፉ የአንደሉስ እስላሞች መንግሥት ሊያከትም በተቃረበበት ዘመን እስፔን ውስጥ የተጻፉ ግጥሞችና ስብከቶች የተሰበሰቡበት ነው። ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ ቄሶች ናቸው። መግቢያው ላይ «ይህን የምጽፈው ወጣቶች ከምኞት እንዲሸሹ ነው» ይሉና የሴቲቱን አንገት፣ የልብሷን ሽታ፣ የድምጿን ቅላጼ ሦስት ገጽ ሙሉ ይዘረዝራሉ። ሰውየው እያወገዘ ምራቁን ሲውጥ ይሰማሃል። እኔ በዚህ ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። የራሴም ሥራ እያሳቀኝ መሆኑን ግን አላስተዋልኩም።

ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጨርቅ ነጋዴው ኢልያስ ቤት እንቅማለን። ስድስት ሰባት ሰው ይሰበሰባል። ጫቱ መያዝ ሲጀምር ኢልያስ «እስቲ መምህር፣ አንደሉስን አምጣት!» ይለኛል። እኔም መጽሐፉን ገልጬ፣ በአንድ ዓይኔ ስፓኒሹን እያየሁ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ እየቀላቀልኩ እተርካለሁ። ሁሉም የሚወዱት ልብ አምስቱን የስሜት ሕዋሳት ዳኛ ፊት የሚከስበትን ነበር። ልብ «በምኞት የታመምኩት በእነዚህ ነው» ይላል። ዓይን «እኔ መስኮት ነኝ፤ በመስኮት ላለፈው መስኮት ይከሰሳል?» ይላል። ጆሮ «ክዳን ሳይሰጡኝ ዝጋ ይሉኛል» ብሎ ያለቅሳል። ምላስና እጅም ተራ በተራ ያመካኛሉ። አፍንጫ ግን አጭር ነው፤ «አታሽትት ካላችሁኝ አትተንፍስ በሉኝና ልሙት» ይላል። ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እኔም የጻፍኩት ያህል ይሰማኛል።

ከኢልያስ ግቢ ጀርባ፣ በቆርቆሮ አጥር ብቻ ተለይታ፣ ዘሃራ ትኖራለች። ባሏ ሙህዲን ለሥራ ጅዳ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል። ዘሃራ ሲያዩዋት ረጅም፣ ስትሄድ የማትቸኩል ሴት ናት። ባገኘችኝ ቁጥር «አብዱልጀሊል፣ ደህና ነህ? ልጆቹ አስቸገሩህ?» ብላ ታልፋለች። እወዳት ነበር ብል ነገሩን ማሳመር ነው። እመኛት ነበር። የሰው ሚስት መሆኗን እያወቅሁ፣ አምስት ወቅት እየሰገድኩ፣ እመኛት ነበር።

አንድ የገበያ ቀን በርበሬ ተራ አጠገብ አለፈችኝ፤ ስታልፍም የወይባ ጢስ ሸተተኝ። ወሎ ያደገ ሰው ይህ ምን እንደሆነ አይነገረውም። ያገባች ሴት ጉድጓድ አስምሳ፣ ወይባውን አጭሳ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ቀናት ሙሉ ትሞቀዋለች፤ ገላዋ ይቀላል፣ ሽታው ቆዳዋ ውስጥ ይገባል። የምትሞቀው ለባሏ ነው። ባሏ የሌለ ሴት ወይባ ከሸተተች ግን ሰው «ለማን ይሆን?» እያለ ጣቱን ይቆጥራል። እኔ በዚያች ቅጽበት አልቆጠርኩም። እግሬ ነው የተነሣው። ከበርበሬ ተራ እስከ ጨርቅ ተራ፣ ከዚያ እስከ ሰፈሯ፣ አምስት እርምጃ እየራቅሁ ተከተልኳት። በሯን ዘግታ ስትገባ አጥሩ ሥር ቆሜ እንደ ውሻ አሸተትኩ። ማንም አላየኝም። ቤቴ ስገባ ደግሞ «ለማን ነው የሞቀችው?» የሚል ቅናት ያዘኝ። ለእኔ አለመሆኑ አናደደኝ። ይኸው፣ ከሁሉ የሚያሳፍረው ይህ ነው።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ኢልያስ ቤት ከወትሮው የበዛ ሰው ተሰብስቧል። የሙህዲን አጎት አቶ አደም እንኳ ከጨፋ ሮቢት መጥተው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ለወትሮው አይቅሙም ነበር፤ ያን ቀን ለእንግድነታቸው አንድ ሁለት ቀንጠብ አድርገዋል። እኔ መርቅኛለሁ። አፍንጫ ጋ ስደርስ መጽሐፉን አጠፍኩና «ያ ጀመዓ፣ እስፔን ድረስ ምን አስኬደን?» አልኩ። «አፍንጫ ፈቃድ እንደማይጠይቅ ትናንት ገበያ ላይ አይቻለሁ። ዘሃራ አጠገቤ አለፈች። ወይባ! ወላሂ ወይባ! ሙህዲን ጅዳ፣ ወይባው ከሚሴ። እንግዲህ አፍንጫዬ ምን ያድርግ?»

ሳቅ ጠበቅሁ። ኢልያስ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። አቶ አደም በእጃቸው የያዟትን ቅጠል ቀስ ብለው አስቀመጡ፤ ጫማቸውን አደረጉ፤ ሰላምታም ሳይሰጡ ወጡ። ምርቃናዬ በአንድ ጊዜ ጠፋ። «ጨዋታ እኮ ነው» አልኩ። ማንም «አብሽር፣ አይዞህ» አላለኝም።

ያኔውኑ ሮጬ አቶ አደምን ማስቆም ነበረብኝ። «የተከተልኳት እኔ ነኝ፤ ወንድ አላየሁም» ማለት ነበረብኝ። አልሮጥኩም። ይቀዘቅዛል ብዬ ቤቴ ገብቼ የተማሪ ፈተና አረምኩ። ቅዳሜ ጠዋት የሙህዲን ዘመዶች ዘሃራን ጠየቋት፤ ወይባ ሞቀሻል ወይ? ሞቄያለሁ። ለማን? ዝም። ደግመው ጠየቁ፤ ዝም። ከሰዓት በፊት ጓዟን በፌስታል አስይዘው እናቷ ዙቤይዳ ቤት ሰደዷት። መንገድ ላይ ሰው በር በሩ ላይ ወጥቶ ያያት ነበር። እኔም በመስኮቴ አየኋት።

ሙህዲን እሑድ ገባ። በባሕር፣ በጀልባ፣ በጂቡቲ በኩል ነው የመጣው። ቤቱ ተቆልፎ አገኘው።

ሰኞ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ መስጊዱ ጀርባ፣ ግራሩ ሥር። ሴቶቹ ግንቡን ተደግፈው ራቅ ብለው ተቀምጠዋል፤ ዘሃራም ከእናቷ ጋር እዚያው ናት። ሙህዲን ከጉዞው ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ አገጩን በእጁ ይዞ ተቀምጧል።

«ኮቱ፣ ታኢ፤ ና፣ ተቀመጥ» አሉኝ ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ሸህ ዩሱፍ፣ መሃል ላይ ያለውን ድንጋይ እያሳዩኝ። ተቀመጥኩ።

«መምህር፣ ይችን ልጅ ከወንድ ጋር አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የመሰከርከው?»

«ሸተተኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን አፈነ። በጥፊ ቢመቱኝ እመርጥ ነበር። ከዚያ ይባስ ብዬ ዋሸሁ፤ «ተሳስቼ ይሆናል። ገበያ ነው፤ ከሌላ ሴት የመጣ ይሆናል» አልኩ። እሷን ማዳኔ መሰለኝ። ራሴን ግን ከእሷ አስቀድሜ ነበር።

«አልተሳሳተም» አለ ሙህዲን፤ ቀና ሳይል። «ሞቃለች። ሙቂ ያልኳት እኔ ነኝ። ሹፌሩ ሲራጅ መልእክቴን አድርሶላታል፣ ይኸው ተቀምጧል፣ ጠይቁት። በባሕር እየመጣሁ ነው፤ ሳልገባ ወሬዬ እንዳይገባ፣ ዓይን እንዳያገኘኝ፣ ለማንም እንዳትተነፍሺ ብያታለሁ።»

ሲራጅ «ወላሂ እውነት ነው» አለ። አቶ አደም በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ቤቷን ሲያስለቅቋት፣ ሰፈር ሲያያት፣ አንዲት ቃል ብትናገር ትድን ነበር። ባሕር ላይ ላለው ባሏ ሰግታ ዝም አለች። እኔ አንድ ከሰዓት ዝም ማለት አቅቶኛል።

ሸህ ዩሱፍ ግን እኔን አልለቀቁኝም። «አንድ ነገር አልገባኝም» አሉ። «ገበያው በርበሬ ነው፣ ከብት ነው፣ አቧራ ነው። ወይባው የእሷ መሆኑን እንዲህ እስክትምልበት ድረስ ምን ያህል ተጠጋሃት?»

ወሎ ውስጥ ይህን ጥያቄ የማይረዳ ሰው የለም። ሁሉም አየኝ። «ተከተልኳት» አልኩ። «እስከ አጥሯ ድረስ። እሷ አላወቀችም። እኔ ነኝ… ተመኝቻት ነው። ለሌላ ሰው የሞቀች መስሎኝ ቀናሁ። የተናገርኩትም ስለ ቀናሁ ነው።» ድምፄ ተማሪ የሰረቀውን እርሳስ ሲመልስ የሚያወጣው ዓይነት ነበር። ሙህዲን ይነሣል ብዬ ጠበቅሁ። አልተነሣም፤ ፊቱን ብቻ አዞረ።

እንደ ወጉ ድንጋዩን አንገቴ ላይ ተሸክሜ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አልኩ። ለሙህዲን፣ ለአጎቱ፣ ለእናቷ። ሙህዲን በእሺታ አንገቱን ነቀነቀልኝ። ሸህ ዩሱፍ ወደ ሴቶቹ ዞረው «ዘሃራ፣ አንቺስ?» አሏት።

ብድግ አለች። «ለአላህ ብዬ አፉ ብያቸዋለሁ» አለች። እስከዚያ ቀን አንተ ነበር የምትለኝ። «መምህር፣ ዓርብ ዓርብ ሲያነቡ እኔ ከአጥሩ ወዲያ ነበርኩ። ልብስ የማሰጣው ሆን ብዬ ዓርብ ነው፤ ለመስማት። ቤት ውስጥ ሰው ስለሌለኝ የአንቱ ተረት ጓደኛዬ ነበር። ጆሮ ሲያለቅስ ብቻዬን እስቅ ነበር። ያን ቀንም ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ስሜን ከአፍዎ ሰማሁት።» ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።

ዕርቁ ወረደ፤ ፋቲሃ ተቀራ። ዘሃራ ወደ ቤቷ ተመለሰች። እኔ ኢልያስ ቤት መሄድ አቆምኩ፤ መጽሐፉንም ሻንጣ ውስጥ ቆለፍኩበት። በጣም አፍሬ ነበር፤ ተማሪ ሲስቅ በእኔ ይመስለኝ ነበር፣ ገበያ ሰው ዞር ሲል አፍንጫዬን የሚያይ ይመስለኝ ነበር። ቢሆንም ሲከርም ለቀቅ አለኝ። ተናዝዤአለሁ፣ ይቅር ተብያለሁ፣ ትዳራቸውም አልፈረሰም እል ነበር። እንዲያውም ደፋር ነኝ ማለት ጀምሬ ነበር፤ ማነው በአደባባይ እንዲህ የሚናዘዝ?

ከዓመት በኋላ ወደ ጨፋ ሮቢት በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሳለ ሙህዲን ገባ። ክፍት የነበረው ከእኔ ጎን ያለው ቦታ ብቻ ነው። ጥቂት አመነታና ተቀመጠ። ሰላም ተባባልን። በመስኮቱ በኩል የጨፋ ማሽላ አሽቷል፤ ስለ ማሽላው አወራን። ከዚያ ሰው እንዳይሰማው ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የምነግረው ሌላ ሰው የለኝም። ለዘመድ አይነገር።»

«ጠይቀኝ።»

«ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ወይባ አልሞቀችም። ጉድጓዱን ደፍናዋለች። እንጨቱን እኔ ራሴ ገዝቼ አመጣለሁ፤ ባቄላ ትቀቅልበታለች። ለምን ስላት ‹ስወጣ ያሸቱኛል› ትላለች። ይሁን፣ ሰንብቺ፣ ቤት ተቀመጪ ስላት ‹አጥሩም ይሰማል› ትላለች። ስነካት ትሸማቀቃለች። እንግዳ የገባባት ይመስላታል።» ወደ ኋላ ዞር ብሎ ሰው አለመስማቱን አየ። «ጅዳ ሁለት ዓመት የምተኛው ያን ሽታ እያሰብኩ ነበር። በጀልባው ላይ ማዕበል ሲያላጋን እሱን ነው ያሰብኩት። አሁን ቤቴ ገብቼ ጅዳ ያለሁ ይመስለኛል። አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ምን ላድርግ?»

ከእኔ ጋር ሊጣላ አልነበረም የመጣው። ቂሙን ትቶታል፤ በእውነት መላ ነበር የፈለገው። ድንጋዩ ላይ የተቀመጥኩ ቀን ያፈርኩት ለራሴ ስም እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ዓመቱን ሙሉ ሰው እኔን እንዴት እንደሚያየኝ ሳስብ፣ እነሱ በገዛ ቤታቸው ምን እንዳጡ አንድ ቀን አላሰብኩም። የሁለት ሰው ደስታ ነበር፤ ለማንም ያልተነገረ፣ ለሁለቱ ብቻ የነበረ። እኔ አደባባይ አወጣሁትና እዚያው ቀረ። የምናገረው ፈለግሁ፤ በሦስት ቋንቋ ፈለግሁ።

«አላውቅም» አልኩት።

«እኔም አላውቅም» አለ።

ቦርከና ድልድይ ስንደርስ «ወራጅ» አለ። የእኔንም ከፍሎልኝ ወረደ።